ፖሊስ የፈለገው ገጸ ባሕርይና ሳይመለስ የቀረው ደራሲ

ከካምፑ ለሥልጠና የመጡ ሁለት መምህራን ናይሮቢ አግኝተውኝ «ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን የሚሆን ልብ ወለድ ጠቁመን፤ ብቻ ስለኛ ኑሮ የሚናገር ይሁን» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ስደት የተጻፈ ነገር የጠበቁ ይመስለኛል። የነገርኳቸው ሁለት መጻሕፍት ግን ካምፕም ድንኳንም የለባቸውም። አንደኛው የኬንያዊው የንጉጊ ዋ ቲዮንጎ «ማቲጋሪ» ነው። ሁለተኛው የኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ለምን እነዚህን እንዳልኩ በቃል ላስረዳ ስል ሻዩ ቀዘቀዘ፣ የአውቶቡሳቸውም ሰዓት ደረሰ። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

በ«ማቲጋሪ» ልጀምር። ሙሉ ስሙ በኪኩዩ ቋንቋ ከጥይት የተረፉ አርበኞች እንደማለት ነው። ሰውዬው ለብዙ ዓመታት ጫካ ውስጥ ከነጩ ሰፋሪና ከሰፋሪው አሽከር ጋር ሲዋጋ ኖሮ በመጨረሻ ሁለቱንም ገድሎ ይወጣል። መሣሪያውን ዛፍ ሥር ይቀብርና የሰላም መታጠቂያ ታጥቆ ቤቱንና ቤተሰቡን ፍለጋ ይሄዳል። ቤቱን ያገኘዋል፤ ግን አሁን የያዘው የአሽከሩ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የአንድ ጥያቄ መንከራተት ነው። ማቲጋሪ እውነትና ፍትሕ የት ይገኛል እያለ ያገኘውን ሰው ሁሉ ይጠይቃል። አገሩ ስም የለውም፣ ዘመኑም አልተነገረም። ንጉጊ ተረት እንዲመስል ፈልጎ ነው እንዲህ ያደረገው።

መጽሐፉን የጻፈው በስደት እንግሊዝ አገር ሆኖ ነው። በኪኩዩ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በ1987 መጀመሪያ ላይ የኬንያ የደኅንነት ሰዎች ለመንግሥት አንድ ሪፖርት አቀረቡ። በመካከለኛው ኬንያ ገበሬዎች ማቲጋሪ ስለሚባል፣ አገር ላገር እየዞረ ስለ እውነትና ስለ ፍትሕ ስለሚጠይቅ ሰው ያወራሉ የሚል ነው። ሰውዬው ተይዞ ይምጣ ተባለ። ፖሊስ ሲፈልግ፣ ሲፈልግ፣ ማቲጋሪ በመጽሐፍ ውስጥ እንጂ በምድር ላይ እንደሌለ ደረሰበት። ሰውዬውን ማሰር ሲያቅተው መጽሐፉን ከየመደብሩ ለቅሞ ወሰደው። ይህን ንጉጊ ራሱ በእንግሊዝኛው እትም ላይ ጽፎታል፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም በ1989 የወጣው ነው።

ይህን ለሰው ሳወራ ሁሉም ይስቃል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄያለሁ። ግን ሪፖርቱን የጻፈውን ሰው አስቡት። እንደምገምተው ገበያ ወይም ቡና ቤት ተቀምጦ የሰው ወሬ ሰማና ስም መዘገበ። «ለመሆኑ ማቲጋሪ ማነው?» ብሎ አልጠየቀም፤ ጆሮ ጠቢ ከጠየቀማ ይነቃበታል። አለቃውም አልጠየቀም፤ ከጠየቀ ሥራውን የማያውቅ ይመስላል። ከታች እስከ ላይ አንድም ሰው ሳይጠይቅ ወረቀቱ ብቻ እየወፈረ ሄደ። ላይኛው ቢሮ ሲደርስ ገጸ ባሕርዩ ሥጋ ለብሶ፣ እግር አውጥቶ ይሄድ ነበር።

ሳቁን የሚያቆመው ጊዜው ነው። ናይሮቢን የምታውቁ፣ ኬንያታ አቬኑና ኡሁሩ ሀይዌይ የሚገናኙበት ላይ ያለውን ረጅሙን ሕንጻ፣ ኛዮ ሃውስን ታውቁታላችሁ። የኢሚግሬሽን ቢሮ ያለበት ነው፤ ከኛም መካከል ለወረቀት ጉዳይ እዚያ የተሰለፈ አይጠፋም። በ1980ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በኋላ፣ ሙዋኬንያ የሚባለው የኅቡዕ እንቅስቃሴ አባላት ናችሁ ተብለው የተጠረጠሩ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ጋዜጠኞች በዚያ ሕንጻ ምድር ቤት በጨለማ ክፍሎች ውስጥ፣ ውኃ እየተለቀቀባቸው ይመረመሩ ነበር። ከላይ ሰው ለፓስፖርት ተሰልፎ፣ ከታች ሰው ውኃ ውስጥ ቆሞ። ክፍሎቹ ለሕዝብ የታዩት የመንግሥት ለውጥ ከመጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እንግዲህ ማቲጋሪ እውነተኛ ሰው ቢሆን ኖሮ የሚወሰደው የት እንደነበር መገመት አያዳግትም። ንጉጊም ራሱ እስር ቤትን ያውቀዋል። ካሚሪዙ በምትባል መንደር ከገበሬዎችና ከሠራተኞች ጋር ባዘጋጀው ተውኔት ሰበብ በ1977 መጨረሻ ላይ ታስሮ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ አንድ ዓመት ያህል ቆይቷል። እዚያው ሆኖ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ ልብ ወለድ ጽፏል። ያረፈው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በስደት በኖረባት አሜሪካ ነው።

መጽሐፉ እንደ መጽሐፍ እንዴት ነው? በኔ ግምት ከሁሉ የሚልቀው ሬዲዮው ነው። በታሪኩ ውስጥ «የእውነት ድምፅ» የሚባል የመንግሥት ሬዲዮ አለ። በየመሐሉ እየገባ ትእዛዝ ያነባል፣ ያስፈራራል፣ ያስተባብላል። ሰዎቹ መጠጥ ቤት ሲጫወቱ እሱ አለ፣ መንገድ ላይ ሲሄዱም እሱ አለ። ድምፁን የሚቀንስ ሰው የለም። አንባቢው ከጥቂት ገጽ በኋላ ይለምደዋል፤ መልመዱን ሲያውቅ ነው የሚደነግጠው። ደግሞ ጉዜራ የምትባል ሴት አለች። አባቷ ለአርበኞች ጥይት ሲያሻግር ተይዞ ሳለ የፖሊሱ አለቃ ክብርሽን ስጪኝና ልፍታው ይላታል። እምቢ ትላለች፣ አባቷ ይገደላል። ይህ ክፍል ክፍል ውስጥ ሲነበብ መምህሩ ይጠንቀቅ፤ ያልተናገረ ሁሉ ያልደረሰበት አይደለም።

ለመምህራን ግን የማቲጋሪን የጥያቄ ጉዞ በተለይ አንብቡት እላለሁ። እውነትና ፍትሕ የት አለ እያለ ተማሪ ዘንድ ይሄዳል፣ መምህር ዘንድ ይሄዳል፣ ቄስ ዘንድ ይሄዳል። ሦስቱም በተለያየ መንገድ ይፈራሉ። ማንም አልመታቸውም፤ ያ ሰዓት ሲደርስ ፖሊስም አጠገባቸው የለም። ፖሊሱ ውስጣቸው ገብቶ ተቀምጧል። የስለላ ትልቁ ሥራ ወሬ መልቀም ይመስለን ነበር። ወሬማ እንዳየነው ተሳስቶም ይለቀማል። ትልቁ ሥራው መምህሩ ተማሪው ፊት መልስ እንዳይኖረው ማድረግ ነው።

ጉድለቱን ደግሞ ልናገር። ንጉጊ እዚህ መጽሐፍ ላይ ክፉን ክፉ፣ ደጉን ደግ አድርጎ ጨርሷል። ሚኒስትሩ ሲናገር ካርቱን ነው። ሠራተኛው ሲናገር ደግሞ ሰልፍ ላይ ያለ ይመስላል። እንዲህ ዓይነት ሥርዓት ውስጥ የኖረ ሰው የሚያውቀው ነገር ጎድሎታል። ጆሮ ጠቢው ብዙ ጊዜ ጎረቤትህ ነው፣ ልጁ ከልጅህ ጋር ኳስ ይጫወታል፣ ሲታመም ትጠይቀዋለህ። ይህን የሚያሳይ መጽሐፍ ፈልጌ ነው ወደ «ኦሮማይ» የምሄደው።

«ኦሮማይ»ን ብዙ ሰው የሚያነበው ደራሲው ስለጠፋበት ነው። ደርግን የሚረግም መጽሐፍ ጠብቆ ይከፍተውና ግማሽ መንገድ ላይ ግራ ይጋባል። ምክንያቱም ተራኪው ጸጋዬ ኃይለማርያም የመንግሥት ጋዜጠኛ ነው። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻን ለማስተዋወቅ እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ አሥመራ ይሄዳል። እዚያ ፊያሜታን ይወዳል። ዘመቻውን ከልቡ ያምንበታል። የደኅንነት ሰዎቹ በመጽሐፉ ውስጥ ጭራቆች አይደሉም። ጎበዞች ናቸው፣ ይቀልዳሉ፣ ያስባሉ። የሻዕቢያ ሰላዮችም እንደዚሁ። አሥመራ ከነካፌዋና ከነሆቴሏ ሁሉም ሁሉን የሚያይባት ከተማ ናት፤ ፍቅሩም ራሱ ዓይን አለበት። በዓሉ ይህን የሚጽፈው እየተደሰተበት ነው፤ አንዳንዴም የስለላው ሩጫ ይዞት ይሄድና ሰዎቹን ይረሳቸዋል። ፊያሜታም ከመጠን በላይ ቆንጆ ናት፤ ሴት ተማሪዎች ይህን ቢያነሱ አልቃወማቸውም።

በዓሉ ስለማያውቀው ነገር አልጻፈም። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር፤ ዘመቻውንም አሥመራ ሆኖ ተካፍሏል። ማለትም የቤቱ ሰው ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። የካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም።

ምን ነበር ወንጀሉ? ዘመቻው ናቅፋን አለመያዙን ጻፈ፤ ይህን ደግሞ እዚያ የነበረ ወታደር ሁሉ ያውቀዋል። በጊዜው ይወራ የነበረው ግን ሌላም ነው። ባለሥልጣኖቹ መጽሐፉን ሲያነቡ ራሳቸውን በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ አገኙ ይባላል። አነጋገራቸው፣ አጨሳሳቸው፣ ሴት አወዳደዳቸው። ሌላውን ሲያዩና ሲያስመዘግቡ የኖሩ ሰዎች እነሱም ታይተው ተመዝግበዋል። ሰላይ የማይወደው ነገር ቢኖር መታየት ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱን መጻሕፍት አጠገብ ላጠገብ ሳስቀምጣቸው የታየኝን ልንገራችሁ። ሁለቱም መንግሥታት ልብ ወለድን እንደ ስለላ ሪፖርት ነው ያነበቡት። የኬንያው ገጸ ባሕርይን ሰው አድርጎ አሳደደ። የኢትዮጵያው ከገጸ ባሕርይ ጀርባ ሰው ፈለገና ደራሲውን አጠፋ። አንዱ ጠላቱን፣ ሌላው የገዛ ባለሥልጣኑን። «እኔ ምንም የምደብቀው የለኝም፣ ቢያዩኝስ ምን ይጎዳኛል?» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የበዓሉን ታሪክ ንገሩት። በዓሉም የሚደብቀው አልነበረውም፤ እንዲያውም ያሳተመው አሳዩን ብለው የሾሙትን ሰዎች ነው።

ስደተኛ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እኛ እውነቱን እንናገራለን፣ ቢሮው እንደ ልብ ወለድ ያነበዋል። ኢንተርቪው የገባ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ከዓመታት በፊት በአንድ ቢሮ የተያዝኩበትን ሰዓት ስናገር «ሦስት ሰዓት ላይ» አልኩ፤ ጠዋት ማለቴ ነው። ፋይሌ ላይ ሌሊት ሦስት ሰዓት ተብሎ ተጻፈ። ወሩንና ዓመቱንም በኛ አቆጣጠር ተናግሬ ሳይለወጥ ገባ። በሁለተኛው ኢንተርቪው ሌላ አስተርጓሚ በትክክል ሲያስተረጉምልኝ «ቃልህን ለወጥክ» ተባልኩ። (የሚገርመው ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው። ከጎናችን የቆመውን ዘበኛ ቢጠይቁት ያስረዳቸው ነበር።) ያንን ፋይል ለማቃናት የፈጀብኝን ጊዜ አልነግራችሁም። የልደት ቀናችን ሁሉ ጃንዋሪ 1 የሆነውም እንዲሁ ነው። በካምፑ ግማሹ ሰው በአንድ ቀን የተወለደ ነው።

ይህን ስል መመዝገብ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ያልተመዘገበ ስደተኛ ራሽን የለውም፣ ሐኪም ቤት አይታከምም፣ ፖሊስ ሲይዘው የሚያሳየው የለውም። የሚያበላህም የሚያስይዝህም ያው ወረቀት ነው፤ ቸግሩም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በካኩማና በዳዳብ ራሽን ለመቀበል ጣት አሻራ ይጠየቅ ጀመር። ስለ አሻራ ደግሞ ከኬንያ ሶማሌዎች የበለጠ የሚያውቅ የለም። በድርቁና በረሃቡ ዓመታት ብዙ ዜጎች ዳዳብ ገብተው እንደ ስደተኛ ተመዘገቡ፤ ልጅ እያለ እናቱ አዝላው ያስመዘገበችው አለ። አድጎ የኬንያ መታወቂያ ሲጠይቅ ማሽኑ «አንተ ስደተኛ ነህ» አለው። አባቱ ዜጋ፣ አያቱ ዜጋ፣ ጎረቤት ምስክር። ማሽኑ ግን ጣቱን ነው የሚያምነው። ለአንድ ጆንያ ዱቄት ብሎ የሰጠው አሻራ አገሩን ወሰደበት።

ቢሮ ከወሰኑ ሲያልፍ የሚያቆመው የለም ወይ? አለ፣ አንዳንዴ። የኬንያ መንግሥት በታኅሣሥ 2012 የከተማ ስደተኞች ሁሉ ወደ ካምፕ ይግቡ ብሎ ሲያዝ፣ ኪቱዎ ቻ ሼሪያ የሚባለው የሕግ ድርጅትና ስደተኞች ፍርድ ቤት ሄዱ። ሐምሌ 26 ቀን 2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ትእዛዙ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም ብሎ ሻረው። ስደተኛ ከመንግሥት ጋር ተሟግቶ ማሸነፉን አንዳንዶቻችን ያኔ ለማመን ቸግሮን ነበር። በ2020 መጀመሪያ ደግሞ ሁዱማ ናምባ ለሚባለው የብሔራዊ መለያ ቁጥር የሰው ዘረመልና የመኖሪያ ቦታ መረጃ እንዳይሰበሰብ ያው ፍርድ ቤት ከልክሏል። ግን ደስታው አይብዛ፤ ከ2013ቱ ፍርድ ዓመት ሳይሞላው፣ በመጋቢት 2014 ተመሳሳይ ትእዛዝ ወጣ። በሚያዝያ ኢስሊ ታጠረች። ሺዎች፣ በብዛት ሶማሌዎች፣ ከየቤታቸው ተለቅመው ካሳራኒ ስታዲየም ገቡ።

በዚያው ሚያዝያ አዲስ አበባ ውስጥ የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ታሰሩ። ስማቸውን የወሰዱት ከቃሊቲ እስር ቤት ነው። እስር ቤቱ ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው ከግንቡ ውጪ ያለው አገር ነው ብለው። ቃሊቲ የደብረ ዘይት መንገድ ላይ ናት፤ የበዓሉ መኪና የቆመችበት መንገድ። ከዚያ ሁሉ ሸሽቶ ኢስሊ የደረሰ ወጣት በዚያ ወር በሩ ሲንኳኳ ምን እንዳሰበ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ቢነግረን ደስ ይለኛል። እስካሁን ግን የጻፈው የለም፤ ወይም ጽፎ ፍራሽ ሥር አስቀምጦታል።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። «ማቲጋሪ» በእንግሊዝኛ ስላለ ለከፍተኛ ክፍሎች ቋንቋው አይከብድም፤ አጭርም ነው፣ ጮክ ብሎ ለማንበብ የተሠራ ነው። «ኦሮማይ» ወፍራም ነው፣ በዚያ ላይ ካምፕ የተወለዱ ልጆቻችን አማርኛ እየተናገሩ ፊደል የማያነቡ እየበዙ ነው። መምህሩ የናቅፋውን ክፍል ብቻ ቢያነብላቸው ይበቃል። ከ2025 ጀምሮ የእንግሊዝኛ ትርጉም ስላለው የሚያገኝ ካለ ሁለቱን እያስተያየ ማስተማር ይቻላል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ዝግጅት ክፍሉ ባይወደውም ይውጣልኝ። ባለፈው ዓመት ለአንድ ቀን ካምፑ መጥቼ በአንድ የንባብ ክበብ ላይ ስለ «ማቲጋሪ» ተናግሬ ነበር። ገና ሳልጀምር የስም መመዝገቢያ ወረቀት ዞረ። ስም፣ የራሽን ካርድ ቁጥር፣ ብሎክ፣ ዜግነት፣ ብሔር፣ ፊርማ። ለረጂዎች ሪፖርት ነው ተባለ፤ ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ ወረቀቱን ይዛ ትንሽ ቆየችና «ጋሽዬ፣ ብሔሩን ለምንድን ነው የሚፈልጉት?» አለችኝ። እውነትና ፍትሕ የት ይገኛል የተባለው የመጽሐፉ መምህር ትዝ አለኝ። እኔም እንደሱ «ዝም ብለሽ ሙዪው» አልኳት። ሞላችው።

የብሔሩ ዓምድ ከወረቀቱ ይውጣ። የካርድ ቁጥሩም ለንባብ ክበብ አያስፈልግም፤ ስንት ሰው እንደመጣ ቆጥሮ መጻፍ ይበቃል። የሞሉትም ወረቀቶች የት እንደተቀመጡ ማን እንደያዛቸው ለተማሪዎቹ ይነገራቸው። ለልጅቷ የምሰጠው መልስ አሁን አለኝ፣ ስሟን ግን አላውቅም፤ ወረቀቱ ላይ አለ።